ካልኩሌተር የያዘ ሌባሻይ



በቀድሞው ዘመን ንብረት ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡን በገመድ ታስሮ በየሰፈሩ እየተንገዳገደ ይነዳል፤ በመጨረሻም ከደጁ የወደቀበት ወይም ከመደቡ የተኛበት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ብላቴናው ንብረቱን አላየውም፤ መቼ እንደ ጠፋ አያውቅም፤ እንዴት እንደ ደረሰበትም የሚጠይቀው የለም። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ እኔ ግን በየችሎቱ አዳራሽ ደግሜ የማየው ይመስለኛል። ልዩነቱ የዛሬው ብላቴና ከረባት ማሰሩ፣ በእጁ ላፕቶፕ መያዙ፣ ስሙም «የፋይናንስ ኤክስፐርት ምስክር» መባሉ ነው።

አነጋገሬ ከረረ የምትሉ ካላችሁ ታገሡኝ። በሒሳብና በኦዲት ሥራ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ነቀፌታዬ ከሙያው ውጪ ቆሞ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ሪፖርት ተሸክሞ ችሎት ፊት የሚቆመውን ወጣት መደመርና መቀነስ አይችልም ብዬ አልከስሰውም። ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ከድምሩ በኋላ በሚናገረው ላይ ነው።

በእኛ ሙያ «ጉድለት» ማለት በመዝገብ ላይ ያለውና በቆጠራ የተገኘው ሳይመጣጠን መቅረቱ ነው። ከዚህ የዘለለ ትርጉም የለውም። ጉድለት ከስርቆት ይመጣል፤ ከአመዘጋገብ ስሕተትም ይመጣል። ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ሞዴል 19፣ ከጠፋ ሞዴል 22፣ ከመለኪያ ልዩነት፣ ከብልሽት፣ ያለ ርክክብ ከተቀየረ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ይመጣል። «ምዝበራ» ግን የሕግ ቃል ነው፤ ከቁጥሩ በላይ የሰው እጅና የሰው ሐሳብ ይጠይቃል። ልምድ ያለው ባለሙያ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ገደል ያውቀዋልና ከዳር ይቆማል። ልምድ የሌለው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። በሪፖርቱ ገጽ 3 ላይ «ጉድለት» ያለውን ገጽ 9 ላይ «የተመዘበረ» ይለዋል፤ ችሎት ቆሞ ደግሞ «ተከሳሹ የወሰደው» ይለዋል። በሦስቱ አነጋገሮች መካከል የተጨመረች አንዲት ሰነድ እንኳ የለችም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ በሚተረትበት አገር ይህን ሽግግር የሚያስተውል አድማጭ ጥቂት ነው፤ ሰሚው ቀድሞውኑ አምኗል፤ ባለሙያው የሰጠው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ሕጉን ይመልከት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ከእርሱም በኋላ የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ ድርጊቱ መፈጸሙ ከተረጋገጠ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ያላግባብ ጥቅም የማግኘት ወይም የማስገኘት ሐሳብ እንደ ነበረ ግምት ይወስዳሉ። እንግዲህ ሒሳብ ባለሙያው «ድርጊቱ ተፈጽሟል» ካለ ሐሳቡን ሕጉ ራሱ ይሞላለታል፤ የማስተባበሉም ሸክም በተከሳሹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የጉዳቱ መጠን ደግሞ ወንጀሉን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሊያሻግረው ይችላል፤ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት በሚያስቀጣ የሙስና ክስ ዋስትና አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ ወጣት በኤክሴል ሰሌዳ ላይ የሚጽፋት ቁጥር፣ ሰውየው ፍርዱን ከልጆቹ ጋር ሆኖ ወይስ በማረሚያ ቤት ሆኖ እንደሚጠብቅ እስከ መወሰን ትደርሳለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ችሎት ታዛቢ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ተከሳሹ የአንድ መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ክሱ የተሽከርካሪ ጎማ ጉድለት ነው። ኤክስፐርቱ ሪፖርቱን አነበበ፤ ጥሩ አነበበ። ከዚያ ጠበቃዋ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣች።

«የወጪ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 22ቱን ማለቴ ነው፣ አይተዋቸዋል?»

«አልቀረቡልኝም።»

«ለምን እንዳልቀረቡ ጠየቁ?»

«መሥሪያ ቤቱን ጠይቄ ፖሊስ በብርበራ ወስዷቸዋል ተብያለሁ።»

«ፖሊስን ጠየቁ?»

«አልጠየቅሁም። እርሱ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«በሪፖርትዎ ግን "ወጪ ስለ መሆኑ ማስረጃ ያልተገኘለት" ብለው ነው የጻፉት።»

«አዎን፣ አልተገኘም።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን መልስ ቀስ ብለህ መልሰህ አንብበው። ሰነዱ ከዚያው አዳራሽ ብዙም በማይርቅ የፖሊስ ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል፤ የመንግሥት አንዱ እጅ ወስዶ ደብቆታል፣ ሌላው እጅ «የለም» ብሎ ይመሰክራል። ወጣቱ አልዋሸም። እርሱ ዘንድ አልቀረበምና «አልተገኘም» አለ። በኦዲት ሥራ ላይ ሳለን ይህች ቃል የተለመደች ናት፤ ሰነድ ያላቀረበ መሥሪያ ቤት እንዲያቀርብ መገፋፊያ ናት፤ በቀጣዩ ወር ሰነዱ ይቀርብና ግኝቱ ይሰረዛል። በወንጀል ችሎት ግን «ቀጣይ ወር» የለም። ያቺው ቃል እዚያ ስትነገር ትርጉሟ «ሰውየው በልቶታል» ይሆናል። ባለሙያው ከቢሮው ወደ ችሎት ሲሄድ ቃሉን ይዞ ሄደ፤ የቃሉን ክብደት መለወጥ አላስተዋለም።

ከዚህ የባሰው ተከተለ። ከዳኞቹ አንዱ ነገሩን ለማሳጠር ይመስላል፣ «ታዲያ በሙያህ ስትመዝነው ጎማውን ማን ወስዶታል ትላለህ?» ብለው ጠየቁት። የሚገባው መልስ አንድ ነው፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ሙያዬ አይነግረኝም» ማለት። ልጁ ጥቂት አሰበና «ቁልፉ በተከሳሹ እጅ ስለ ነበረ ተከሳሹ ነው» አለ። ስለ ቁልፍ የተማረው መቼ ነው? የትኛው የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ነው ስለ ቁልፍ የሚናገረው? ያን ጊዜ ሰውየው ከታሠረ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ኋላ ፍርድ ቤቱ የታሸጉት ጥራዞች እንዲቀርቡ ሲያዝ፣ አብዛኛው ጎማ በሾፌሮች ፊርማ መውጣቱ ታየ፤ የቀረው ጉድለት በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠር ነበር።

ስለ ናሙናም ልናገር፤ ምክንያቱም ይህኛው ስሕተት ከሁሉም የተማረ ሰው ስሕተት ነው። ኦዲተር ሁሉን ሰነድ አይመረምርም። ናሙና ይወስዳል፤ በናሙናውም ላይ ተመርኩዞ ስለ ጠቅላላው ሒሳብ ምክንያታዊ ማረጋገጫ ይሰጣል። ለባንክና ለባለአክሲዮን ይህ ይበቃል። አሁን 600 የክፍያ ሰነድ አለ እንበል፤ ኤክስፐርታችን 60ውን ያያል፤ በ6ቱ ላይ የ90,000 ብር ደረሰኝ ያጣል፤ በአሥር ያባዛና «የ900,000 ብር ጉዳት» ብሎ ይጽፋል። ያልታዩት 540 ሰነዶች ሳይታዩ ተፈረደባቸው። ይባስ ብሎ 60ዎቹ በዕጣ አልተመረጡም፤ ጥቆማ ከደረሰበት ወር ተለቅመው የተወሰዱ ናቸው። በጣም ከታመመው ሰፈር ሰው ሰብስቦ ለክቶ «ከተማው በሙሉ ታሟል» እንደ ማለት ነው። አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት ከበቂ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት በሚባልበት አዳራሽ፣ በግምት የተባዛ ብር ምን ሊሠራ ይገባል?

ጊዜን መርሳት ሌላው በሽታ ነው። የብር ምንዛሪ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት 15 በመቶ ገደማ ወርዶ አንድ ዶላር ከ23.4 ብር ወደ 26.9 ብር ተሻግሯል። በ500,000 ዶላር የሚገዛ አንድ ማሽን መስከረም 2010 ላይ 11.7 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ጥቅምት ላይ 13.45 ሚሊዮን ብር ሆነ። የ1.75 ሚሊዮን ብር ልዩነት ተፈጠረ፤ ማንም አንዲት ሳንቲም አልነካም። የግዥ ኃላፊው በመስከረም የቀረበ ፕሮፎርማ ኖሮት በኅዳር ቢገዛ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «በውድ በመግዛት በመንግሥት ላይ ያደረሰው ጉዳት» ለማለት ካልኩሌተር ብቻ ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከ57 ብር የተነሣው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዚያ ዓመት ግዥዎች ገና ወደ ችሎት የሚመጡ ናቸው፤ ዛሬ በታወቀ ዋጋ የትናንቱን ውሳኔ የሚመዝን ምስክር ስንት ሰው እንደሚያሳስር ሳስበው ይጨንቀኛል። ባለሙያ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ፊርማውን ባኖረባት ዕለት ምን ያውቅ እንደ ነበር ነው።

በፍትሐ ብሔር ችሎትም ያው ነው፤ እዚያ እሥራት ስለሌለ ብቻ ቀለል ይላል። ሱቁ ያላግባብ ለስድስት ወር የተዘጋበት ነጋዴ ካሣ ይጠይቃል። የወር ሽያጩ 1,000,000 ብር፣ የዕቃው መግዣ 800,000 ብር፣ ኪራይና ደመወዝ 100,000 ብር ነው። የከሳሽ ኤክስፐርት «የስድስት ወር ገቢ 6 ሚሊዮን ብር አጥቷል» ይላል፤ ያልገዛውን ዕቃ ዋጋ መቀነስ ረስቷል። የተከሳሽ ኤክስፐርት «የተጣራ ትርፉ በወር 100,000 ነውና 600,000 ብር ይበቃዋል» ይላል፤ ነጋዴው ሱቁ ተዘግቶም ኪራይና ደመወዝ መክፈሉን ረስቷል። እውነተኛው ቁጥር በወር 200,000፣ በጠቅላላው 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፤ ሁለቱም ምለዋል፤ የሁለቱም ስሕተት በሚገርም አጋጣሚ ወደ ከፋዩ ወገን ያዘነብላል። ዳኛው ግራ ሲገባቸው መካከሉን ቆርጠው 3.3 ሚሊዮን ብር ቢፈርዱ ማን ይወቅሳቸዋል?

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ ወደ ለንደን እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳዘርክ የወንጀል ፍርድ ቤት የካርበን ክሬዲት ሽያጭ ማጭበርበር ክስ ፈረሰ፤ ስምንት ተከሳሾች ነጻ ወጡ። ያፈረሰው የዐቃቤ ሕጉ የራሱ ኤክስፐርት ነው። ሰውየው በዘርፉ የትምህርት ማስረጃ የለውም፤ በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ እንዳላነበበ፣ ዘጋቢ ፊልም ግን እንዳየ ተናገረ፤ ከፖሊስ የተሰጠውን ምስጢራዊ ሰነድ በቤቱ ደረጃ ሥር ባለች ጎድጓዳ ስፍራ አስቀምጦ ውኃ እንዳበላሸበት ተሰማ። ዳኛው ለኤክስፐርትነት የሚበቃ አይደለም ብለው አሰናበቱት። አስደንጋጩ ነገር ግን ከዚያ በፊት በበርካታ ችሎቶች መስክሮ ነበር፤ በእርሱ ቃልም የተፈረደባቸው ሰዎች አሉ።

በዚያው አገር፣ ባንኮች በሚበዳደሩበት የላይቦር ወለድ ማጭበርበር ክስ፣ የዐቃቤ ሕጉ ኤክስፐርት በምስክርነት መሐል ሳለ፣ ዳኛው ከማንም ጋር እንዳይነጋገር አስጠንቅቀውት ሳለ፣ ስለማያውቀው የንግድ ዘርፍ ለወዳጆቹ በስልክ መልእክት እየላከ ይጠይቅ ነበር። በመጀመሪያው ችሎት ማንም አላወቀበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገው ዳግም ችሎት ተጋለጠና ሁለቱ ተከሳሾች ነጻ ወጡ። በመጀመሪያው ችሎት የተፈረደበት ሌላው ተከሳሽ በ2018 ይግባኝ ቢልም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኤክስፐርቱን ክፉኛ ወቅሶ ፍርዱን ግን በሌላው ማስረጃ አጸናው። (በ2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ክሶች የሁለት ሌሎች የባንክ ሠራተኞችን ፍርድ ሰርዟል፤ ምክንያቱ ግን ለጁሪው የተሰጠው መመሪያ ስሕተት ነበር።) ወጣቶቻችን ከዚህ ታሪክ እንዲይዙልኝ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን የጣለው አለማወቁ አልነበረም፤ አላውቅም አለማለቱ ነበር።

ለመሆኑ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ ነው? አይደለም፤ ግን ሸክሙን ሁሉ አንሥቼም አልሰጠውም፤ የማለ እርሱ ነው። ከጀርባው ግን ሌሎች አሉ። ረቂቁን አንብቦ «ሪፖርቱ ተጠናክሮ ይቅረብ» ብሎ የሚመልስ መርማሪ አለ፤ በቢሮ ቋንቋ «ይጠናከር» ማለት ቁጥሩ ይደግ፣ ጥርጣሬው ይውጣ ማለት መሆኑን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። በስሙ ሊያስፈርመው እየቻለ ችሎት ለመቆም ልጁን የሚልክ የቡድን መሪ አለ፤ ልጁም ራሱ ስላልሠራቸው አባሪዎች ሲጠየቅ ላብ ያጠምቀዋል። ሒሳብ ስለሚፈሩ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ «ጥያቄ የለንም» ብለው የሚቀመጡ ጠበቆች አሉ፤ ያቺን የጎማ ጠበቃ ያመሰገንኳት ብርቅ ስለ ሆነችብኝ ነው። የራሳቸውን ሥራ ለምስክሩ የሚያስረክቡ ዳኞችም አሉ። ሙያችንም ቢሆን የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለው፤ የኦዲት ፈቃድ ማለት ግን የምስክርነት ችሎታ ማለት አይደለም።

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ «እንዲህ ካስፈራራሃቸው ነገ የሚመሰክር ባለሙያ ይጠፋል፤ ሌቦችም ይስቃሉ» ብሎ ተከራክሮኛል። ክርክሩ ክብደት አለው። የመንግሥት ገንዘብ በእውነት ይዘረፋል፤ ያለ ሒሳብ ባለሙያ ደግሞ አይደረስበትም። ነገር ግን ሌባ የሚስቀው መቼ ነው? «ተከሳሹ ነው የወሰደው» ያለ ኤክስፐርት በብልህ ጠበቃ ሦስት ጥያቄ ሲፈራርስና እውነተኛው ግኝት አብሮት ሲቀበር ነው። ለንደን ላይ ስምንቱን ነጻ ያወጣቸው ባለሙያዎችን የሚያስፈራራ ጸሐፊ አልነበረም። «ይህን አይቻለሁ፣ ይህን አላየሁም፣ ይህን ገምቻለሁ፣ ግምቴም በዚህ ላይ ቆሟል» የሚል ምስክር ግን የትኛውም ጠበቃ ሊያፈርሰው ይቸገራል፤ የሚፈርሰውን ቀድሞ ራሱ አውጥቶታልና።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ አዲስ ሕግ እስኪወጣ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ራሱ ባለሙያ መርጦ ሒሳብ እንዲያስመረምር ይፈቅዳል፤ ስድሳ ሚሊዮን ብር የሚያከራክር መዝገብ በሁለት ተቀጣሪ ኤክስፐርቶች ጭቅጭቅ ከሚያልቅ ይህ ሥልጣን ቢሠራበት ምን ይጎዳል? በእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ኤክስፐርቱ ለፍርድ ቤቱ ያለበት ግዴታ ከሚከፍለው ወገን ግዴታ እንደሚበልጥ ተጽፏል፤ ይህንኑም ማወቁን በሪፖርቱ ላይ በፊርማው ያረጋግጣል። እኛ ዘንድ አንድ ዳኛ ከመሐላው ቀጥሎ «ያላየኸው ሰነድ የትኛው ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የማንን ፈቃድ ይጠብቃል? ዐቃቤ ሕጉስ በብርበራ የያዛቸውን ጥራዞች ለራሱ ምስክር ለማሳየት ምን ያግደዋል?

የሙያ ማኅበሮቻችንንም ልጠይቃቸው። ስለ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች በየሆቴሉ ያላዘጋጁት ሥልጠና የለም፤ ምሳውም ጥሩ ነው። ከማውቃቸው ባልደረቦቼ ውስጥ ግን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ስለ ምስክርነት አንድ ቀን እንኳ ያስተማሩት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።